በአንድ እግር አትላንቲክን ለመሻገር፦ በቀሩት ስድስት ሳምንታት ምን ይሠራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመኪና አደጋ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች አጥቻለሁ። ማርሴይ ስማር በሸራ ጀልባ መጓዝ ለመድኩ። እዚያ ያፈራኋቸው ጓደኞቼ ኅዳር አጋማሽ ላይ ከላስ ፓልማስ (የስፔን ካናሪ ደሴቶች) ተነስተው በ12 ሜትር ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ነው። አምስተኛ ሰው ሆኜ አብሬያቸው እንድሄድ ጋብዘውኛል። ስድስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሁለት ሰው ሠራሽ እግር አለኝ፤ አንዱ ከፈረንሳይ ያመጣሁት ባለ ሲሊኮን ላይነር (ቆዳ ላይ የሚጠለቅ ለስላሳ ሽፋን) ነው፣ ሌላው መጀመሪያ ደሴ የተሠራልኝ የፕላስቲክ እግር ነው። አዲሱን ብቻ ይዤ ልሂድ? በቀረኝ ጊዜ ምን ላይ ላተኩር? ለጊዜው ጂም ጀምሬያለሁ።»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ጥያቄህን ሳነብ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ ከልቤም ሰግቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ሙያዬ ሰው ሠራሽ እግር መሥራትና ማስተካከል ነው። ለዓመታት የሠራሁት የወደብ ከተማ ውስጥ ስለነበር ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ባሕረኞች ነበሩ። የሠራሁት እግር ውሃ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አብሬያቸው እወጣ ነበር። ስለ ሸራውና ስለ ነፋሱ ካፒቴንህ ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ የምነግርህ ስለ እግርህና እግርህ ስለሚነካው ነገር ሁሉ ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገርህ። ይህን ጉዞ እግርህን አድርገህ ሳይሆን አውልቀህ አቅደው። አብዛኛው ሰው የሚዘጋጀው ለቀኑ ነው። እግሩን አጥልቆ፣ ቆሞ፣ ገመድ ሲጎትት ራሱን ያያል። ችግር የሚመጣው ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ተኝተሃል። እግርህ ወልቋል። ተረኛው ከላይ «ሁላችሁም ውጡ!» ብሎ ይጮሃል። ጨለማ ነው፣ ላይነሩ ረጥቦ አልገባ ይላል፣ ወለሉ ከሥርህ ይሸሻል። ለዚያች ሰዓት ከተዘጋጀህ ቀኑ ራሱ ቀላል ይሆንልሃል።

ማርሴይ ላይ የለመድከው ነገር እዚህ ላይ እንዳያሳስትህ። ሜዲትራኒያን ላይ ብዙ ጊዜ ነፋሱ ከጎን ይመጣል፣ ጀልባዋም ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትሄዳለች። ባለ አንድ እግር ሰው ያን ይወደዋል፤ ደህናውን እግሩን ዝቅ ባለው ጎን ቀርቅሮ ይቀመጣል። ከላስ ፓልማስ ወደ ካሪቢያን ስትሄዱ ግን ነፋሱ ከኋላ ነው። በዚያ ወቅት ሰው የሚሻገረውም ለዚሁ ነው፤ የአውሎ ነፋሱ ወራት በፈረንጆቹ ኅዳር መጨረሻ ያበቃል፣ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም አቅጣጫውን ሳይለውጥ ይዘልቃል። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ጀልባዋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትንከባለላለች። ይህ ለደቂቃ አያቆምም። የካሪቢያን ደሴት እስከሆነችው ሴንት ሉቺያ ርቀቱ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው። እንደናንተ ላለ ጀልባ ከ18 እስከ 21 ቀን ቢወስድ ነው። በየጥቂት ሴኮንዱ ወለሉ ወደ ሌላ ጎን ሲዞር ሰው ሠራሽ እግር አንድ ጉድለት አለበት፤ ቁርጭምጭሚቱ ወለሉን አይከተልም። ደህናው እግርህ ሳታስበው ያስተካክላል፤ ያኛው እንደ ችካል ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ጂሙን አቁም አልልህም፣ ግን መልኩን ቀይረው። ትከሻና ክንድ ላይ ሥራ። ከውሃ ወደ ነፍስ አድን ራፍት ራስህን የምትጎትተው በክንድህ ነው፤ በደረጃ ስትወጣና ስትወርድ የምትንጠለጠለውም በእሱ ነው። ሩጫውንና ከባድ ክብደት ይዞ ቁጢጥ ብድግ ማለቱን ግን ቀንስ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ስፖርት አብዝተው ስታምፓቸውን (ከተቆረጠው እግር የቀረውን ክፍል) ያቆሰሉና ጉዞ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። የተላጠ ቆዳ ይዞ ባሕር አይገባም።

አሁን ወደ ሁለቱ እግሮች። አዲሱን ብቻ ይዘህ እንዳትሄድ። እንዲያውም ደክ (የጀልባዋ የላይኛው ወለል) ላይ የምትሠራበት ዋናው እግር ያ ከደሴ የተሰጠህ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል። ሰው ይህን ስለው ይገረማል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፣ ጨው አይበላውም፣ ቢሰነጠቅ በሙቀት ሊበየድ ይችላል። የፈረንሳዩ ቀላልና ምቹ ነው፤ ነገር ግን ላይነሩ ጫፍ ላይ ያለው ብረት የሚቆለፍበትን ቀዳዳ ጨው ሲደፍነው አልገባም ይላል፣ ወይ ደግሞ አልወልቅም ይላል። ሁለቱም ችግሮች ባሕር ላይ አያስፈልጉህም። አዲሱን ለካቢን፣ ለወደብና ለእረፍት ሰዓት አድርገው። ጠቅላላ እግሮቹ የሚበላሹበት መንገድ የተለያየ መሆኑ ራሱ ጥቅም ነው፤ አንዱን የጣለ ነገር ሌላውን ላይነካው ይችላል።

ታዲያ አንድ ጣጣ አለ። ስታምፕ ከዓመት ዓመት ይከሳል። መጀመሪያ የተሠራልህ ሶኬት (ስታምፑ የሚገባበት የእግሩ ክፍል) ዛሬ ሰፍቶህ ይሆናል። ጥልቅ አድርገህ ሞክረው። ሁለት ሦስት ካልሲ ደርበህ ከያዘ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ግን አዲስ ሶኬት ያስፈልግሃል። ያንን የምትጀምረው በዚህ ሳምንት ነው፤ በሚቀጥለው አይደለም። ቆዳህ አዲስ ሶኬት ለመልመድ ሳምንታት ይፈልጋል። የእኔ ደንብ ይህ ነው፦ በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ስታምፑን የሚነካ ምንም አዲስ ነገር አይገባም። ላይነርም፣ ካልሲም፣ ቅባትም።

ደሴ መሄድህ ካልቀረ ጉዞውን ራሱን ሙከራ አድርገው። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርተህ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ብርዱ አንድ ነገር ደብቆብሃል፤ ስታምፕህ በሙቀት ምን እንደሚሆን አታውቅም። ሸዋ ሮቢት ወርደህ ሦስት ቀን ተቀመጥ። እግርህን ቀኑን ሙሉ አድርገህ ዋል፣ ሂድ፣ ሥራ። በየሁለት ሰዓቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ አውልቀው። ላይነሩ ውስጥ ላብ ተጠራቅሞ ሲፈስ ታያለህ። ቆዳው ነጭ ሆኖ ይጨማደዳል፤ እንዲህ የሆነ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል። ቀይ ምልክት ካየህ ሰዓት ያዝ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከጠፋ ችግር የለም። ካልጠፋ ሶኬቱ እዚያ ቦታ ላይ እየጫነህ ነውና ቦታውን በእስክሪብቶ ከብበህ ፎቶ አንሳው። ደሴ ስትደርስ ለባለሙያዎቹ የምታሳያቸው ያንን ነው። የሦስት ቀን ሙቀት ያልታየበት ሶኬት ካሪቢያን አይሄድም።

በመንገድህም ላይ ሌላ ሙከራ አለ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ታውቀዋለህ። ሚኒባስ ውስጥ እዚያ ቁልቁለት ላይ የሚያጥወለውልህ ከሆነ ባሕሩም ላይ ያጥወለውልሃል ብለህ ያዘው። ሐኪምህ የማጥወልወል መድኃኒት ካዘዘልህ መጀመሪያ የምትሞክረው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ያስተኛሃል? አፍህን ያደርቀዋል? ሽንት ይከለክልሃል? ይህን አትላንቲክ ላይ ማወቅ የለብህም። በተለይ ለነርቭ ሕመም አሚትሪፕቲሊን የምትወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው። ከብዙዎቹ የማጥወልወል መድኃኒቶች ጋር ሲደመር እንቅልፉም ድርቀቱም ይብሳል። በሌለው እግርህ ላይ የሚሰማህ ሕመም ካለም ተዘጋጅ፤ እንቅልፍ ሲጎድል ይበረታል፣ በተራ በምትነቁበት ጉዞ ደግሞ እንቅልፍ መጉደሉ አይቀርም።

ማጥወልወሉን አቅልለህ አትየው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚያስመልሰው ሰው ውሃ ያጣል። ውሃ ያጣ ሰውነት ይከሳል፤ ስታምፕም አብሮ ይከሳል። ሶኬቱ ይሰፋል፣ እግሩ ይወላለቃል፣ ቆዳው ይፋጫል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ካልሲ መደረብህ አይቀርም። ሙቀቱ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያብጥና ይጠብቃል። ቀጭንም ወፍራምም ካልሲ በብዛት ያዝ። የሱፍ ካልሲ ቢረጥብም ሙቀት ስለሚይዝ ጥሩ ነው። የመንዝ ሱፍ አለልኝ ብለህ ግን በቀጥታ ቆዳህ ላይ እንዳታደርገው፤ ሻካራ ነው። ባናውን ለሌሊት ተራህ ትከሻህ ላይ ጣል አድርገው።

አሁን ለብቻው ጊዜ ስጠው የምልህ ነገር አለ፤ የስታምፕ ጫማ። መደብር ውስጥ አታገኘውም፣ ማሰፋት ይኖርብሃል። ደክ ላይ እግርህን አውልቀህ የምትንቀሳቀሰው በጉልበትህ ተንበርክከህ ወይም በመቀመጫህ እየተንፏቀቅህ ነው። ክራንች እርሳው። እርጥብ ወለል ላይ ጫፉ ይንሸራተታል፣ እጅህንም ይይዝብሃል። ስታምፕህ ግን ባዶውን ወለል ላይ ከተጎተተ በአንድ ሌሊት ይቆስላል። ደብረ ብርሃን ካሉት ጫማ ሰፊዎች እጁ ወደተፍታታው ሂድ። ውስጡን ለስላሳ ጥጥ፣ መሐሉን አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የስፖርት ምንጣፍ ስፖንጅ፣ ውጭውን የመኪና ከመነዳሪ አድርጎ እንደ ከረጢት ይስፋልህ። ከመነዳሪው እርጥብ ወለል ላይ ይይዛል። ስፌቱ ከፊት በአጥንቱ ጫፍ በኩል እንዳያልፍ ንገረው፤ በጎን በኩል ይሁን። ከጉልበትህ በላይ ሰፋ ባለ ቀበቶ ይጠበቅ። ቀበቶው በአንድ እጅ የሚታሰር መሆን አለበት፣ ሌላኛው እጅህ ምንጊዜም የሆነ ነገር ይዟልና። ሁለት አሰፋ። ከታች ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ይኑራቸው፣ ውሃ እንዳይጠራቀም።

ጫማው ሲያልቅ ቤትህ ውስጥ ልምምድ ጀምር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አላርም ሙላ። መብራት አታብራ። አልጋህ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ መጀመሪያ ላይፍ ጃኬቱን ልበስ። አዎ፣ ከእግሩ በፊት። ሁሉም ሰው እጁ መጀመሪያ ወደ እግሩ ነው የሚሄደው፤ ይህን ልማድ ነው ማፍረስ ያለብህ። ቀጥሎ የስታምፕ ጫማውን አድርገህ እየተንፏቀቅህ በሩ ድረስ ሂድ። ደፉ ላይ ተቀመጥ። የመታጠቂያህን መንጠቆ አንድ የማይነቀል ነገር ላይ ቆልፍ። እጅህ ያለ ዓይንህ መንጠቆውን ማግኘት አለበት። ከዚያ በኋላ ጊዜ ካለ እግሩን አድርግ፤ ከሌለ እንዲያው ሥራህን ሥራ። ተቀምጦ ዊንች (የገመድ መጎተቻውን) ማሽከርከር ይቻላል፣ ተቀምጦ መሪ መያዝ ይቻላል። ይህን ሳትጨነቅና ሳታስብ እስክትሠራው ድረስ ደጋግመው። ቤተሰብህ ምን ነካው ቢሉ አስረዳቸው።

እንዲህ አድርገው የተሻገሩ አሉ። ፈረንሳዊው ዳሚያን ሴጌን የግራ መዳፍ ሳይኖረው ተወለደ። በ2020 እ.ኤ.አ. በተነሳው ቫንዴ ግሎብ ውድድር ዓለምን ብቻውን በሸራ ዞሮ ሰባተኛ ወጣ። ከአንገቷ በታች መንቀሳቀስ የማትችል የነበረችው እንግሊዛዊት ሂላሪ ሊስተር በ2009 እ.ኤ.አ. በቱቦ እየሳበችና እየነፋች ጀልባዋን በትንፋሿ እየመራች ብሪታንያን ዞረች። ጄፍ ሆልት በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ፣ በተመቻቸለት ጀልባ አትላንቲክን ተሻግሮ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. የካሪቢያን ደሴት ወደሆነችው ቶርቶላ ደረሰ። ዓይነ ሥውሩ ጃፓናዊ ሚትሱሂሮ ኢዋሞቶ በ2019 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሚያይ ጓደኛው ጋር ሳያርፉ ፓስፊክን አቋረጡ። ሥራቸውን ስትመለከት ሰውነታቸው ጎደለ ባሉበት ቦታ ላይ ጀልባውን ወይም አሠራሩን ነው የቀየሩት። አንተም የጀልባዋ ባለቤት ባትሆንም መጠየቅ የምትችለው ብዙ ነገር አለ።

ለምሳሌ አልጋህ። ከመውጫው ደረጃ አጠገብ ያለውን ዝቅተኛ አልጋ ጠይቅ፣ ደህናው እግርህ ወደ መተላለፊያው በኩል እንዲሆን። እግርህን ስታወልቅ በአጭር ገመድ እጅህ ሥር እሰረው፣ አፉን በላስቲክ ሸፍነው። የዝናብ ሱሪህን እግሩ ላይ እንደለበሰ ተወው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቦቲያቸውን ሱሪያቸው ውስጥ እንደሚተዉት። ስትነቃ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ታጠልቃለህ። ደረጃው ላይ የሚያስንሸራትት ነገር ካለ ሸካራ ቴፕ ይለጠፍበት። ስትወርድ ሁልጊዜ ፊትህን ወደ ደረጃው አዙረህ ውረድ።

ጫማህንም አሁኑኑ ግዛ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው ለአንድ የተረከዝ ከፍታ ነው። በቆዳ ጫማህ ተስተካክሎ ጠፍጣፋ የጀልባ ጫማ ስታደርግ ወደ ኋላ ይጥልሃል፣ ጉልበትህም ይታመማል። ጫማውን ይዘህ ደሴ ሂድ፣ በዚያው ጫማ ያስተካክሉልህ። ረጅም ቦት ጫማ በዚያ እግር ላይ አታድርግ፤ ውሃ ከሞላው ይከብዳል። የእግሩ መዳፍ ስፖንጅ ውሃ ከያዘም በየቀኑ ጥላ ላይ አድርቀው። ብሎኖቹን የሚፈታውን ቁልፍ ሁለት ያዝ፣ አንዱ አንተ ጋ፣ አንዱ የጀልባዋ የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ይሁን። በፈረንሳዩ እግር ላይ ያለው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሳይሆን አይቀርም፣ ለካው።

ውሃ ውስጥ ስለመውደቅ በግልጽ እናውራ። ደጋ ላይ ያደግን ብዙዎቻችን ዋና አንችልም፤ አንተ ትችላለህ ብዬ አላልፍም። ቢሾፍቱ ወይም አዲስ አበባ የመዋኛ ገንዳ ፈልግ። ላይፍ ጃኬትህን ለብሰህ አንዴ በእግርህ፣ አንዴ ያለ እግርህ ግባ። ፕላስቲኩ ውስጥ አየር ከቀረ እግሩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ አንተን በጀርባህ ሊያጋድልህ ይችላል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ሰውነትህ ገንዳ ውስጥ ይወቀው። በእግሮችህ መሐል የሚያልፈው የላይፍ ጃኬቱ ማሰሪያ ሁልጊዜ ይታሰር፤ ካልታሰረ ጃኬቱ ሽቅብ ይወጣና ፊትህን ይሸፍናል። እግርህ ውሃ ውስጥ ከወለቀ ተወው፣ አትከተለው። በ406 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የግል የአደጋ ጊዜ ምልክት ሰጪ ኪስህ ውስጥ ይኑር፤ ጀልባዋ ላይ ያለው ለጀልባዋ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መንጠቆህን ቆልፍ። ዋናው ነገር አለመውደቅ ነው።

ንጹሕ ውሃ ሌላው ነው። ጨው የደረቀበት ላይነር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ስታምፕህንና ላይነርህን በየቀኑ በጨው አልባ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ አለብህ። ለዚህ ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ ለ21 ቀን አሥር ሊትር ተኩል ማለት ነው። ይህን ከካፒቴኑ ጋር ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ተለይቶ የተቀመጠ ጀሪካን ይኑርህ። ሁለት ላይነር ይዘህ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን አድርግ።

ይህ ወደ ካፒቴኑ ይወስደኛል። ወንድሜ፣ እኛ ሐበሾች ይሉኝታ እናበዛለን። የጋበዘንን ሰው ማስቸገር አንወድም። «ለአንድ ቁስል ብዬ ሰው ልቀሰቅስ ነው?» ብለን ዝም እንላለን። ባሕር ላይ ይህ ጠባይ አደገኛ ነው። በመሐል አትላንቲክ ሄሊኮፕተር አይደርስም፤ ትንሽ ቁስል በሦስተኛው ቀን ሲነገር ይታከማል፣ በአሥረኛው ሲነገር ግን ትኩሳት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ለካፒቴኑ ደብዳቤ ጻፍ። ምን እንደምትችል ጻፍ፣ ምን እንደማትችል ጻፍ፣ እግርህን ለማድረግ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅብህ ለክተህ ጻፍ። መድኃኒቶችህን ዘርዝር። ሸራው ፊት ለፊት ሄዶ መሥራት የማትችልበት የአየር ሁኔታ ካለ አሁን በግልጽ ይባል። በምትኩ የምትይዘውንም ጠይቅ፤ መሪ፣ ሬዲዮ፣ ካርታ፣ ምግብ ማብሰል። መልሱን ስታገኝ ጀልባዋ ላይ ቦታህን ታውቀዋለህ። ሌላም ልጨምር፦ በየማታው አንድ ሰው ስታምፕህን በባትሪ እንዲያይልህ ተስማሙ። አንተ የማታየው የኋላው ክፍል አለና። መጀመሪያ ላይ ያሳፍር ይሆናል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ጥርስ እንደ መፋቅ ይሆናል።

ቁስሉ ከባሰ ሮም ያለው ሲርም የተባለ ማዕከል ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ላይ ላሉ ሰዎች ሁሉ በነጻ በሬዲዮና በስልክ የሕክምና ምክር ይሰጣል። የመገናኛ አድራሻውን ካፒቴኑ እንዲይዝ ንገረው። አንቲባዮቲክ ከሐኪምህ በማዘዣ ይዘህ ሂድ፣ መቼ እንደምትጀምረውም በጽሑፍ ይስጥህ። ሁሉንም መድኃኒት በእጥፍ ያዝና ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹ አንተ ጋ፣ ግማሹ ጀልባ ጥለው ሲወጡ በሚይዙት የአደጋ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እዚያው ቦርሳ ውስጥ አንድ የስታምፕ ጫማ ይግባ።

ወረቀቱን ባጭሩ ልለፈው። በስፔን ቪዛ ብቻ አትርካ፤ በግል ጀልባ የሚገባ ሰው በአውሮፕላን እንደሚገባው ላይታይ ይችላልና የምትደርሱበትን አገር ቪዛ በዚህ ሳምንት አጣራ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ፈልግ። ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ብዙ የካሪቢያን አገሮች ይጠይቁታል፤ አዲስ ከተከተብክ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቴታነስም ጊዜው አልፎ እንደሆነ እይ። ስለ እግርህና ስለ መድኃኒቶችህ የሚያስረዳ የእንግሊዝኛ የሐኪም ደብዳቤ ያዝ። የጉዞ መድን ስትገዛ እግርህን አትደብቅ፤ የተደበቀ ነገር ካለ አይከፍሉም። አውሮፕላን ላይ ላይነርህን፣ መድኃኒትህንና አንዱን እግር ከእጅህ አትለይ፤ ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል።

ስንቅህን ሳስብ ደግሞ የሰሜን ሸዋ ሰው መሆንህ ጠቀመህ። ወጥ ቤት መቆም በማይቻልበት ማዕበል በሶ የሚያህል ምግብ የለም። ውሃና ትንሽ ጨው፣ አለቀ። የተረበሸ ሆድም ይቀበለዋል። ለሌሊት ተራ ቆሎ ያዝ፤ ማኘኩ ራሱ ያነቃሃል። ጭኮ ከያዝክ ግን በዘይት ይሁን፤ ቅቤና ሥጋ ያለበትን ነገር ወደ ስፔን ማስገባት አይፈቀድም። ጉዞው ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። ጿሚ ከሆንክ ከመነሳትህ በፊት የንስሐ አባትህን አማክር። በሶውም ቆሎውም የጾም ስለሆነ ምግቡ አያስቸግርህም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየት ግን ለዚህ ጉዞ አይሆንም። መድኃኒት የሚወስድና ላቡ የሚፈስ ሰው መጠጣት አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቤተ ክርስቲያን መንገደኛውንና ሕመምተኛውን ታውቃለች።

ላስ ፓልማስ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ግባ። ሆቴል አትያዝ፣ ጀልባዋ ላይ እደር። የመጀመሪያውን ማታ ያለ መብራት ከአልጋህ እስከ መሪው ድረስ በእጅህ ዳስስ። የምትይዛቸው ነገሮች የት የት እንዳሉ፣ የትኛው ጋ ክፍተት እንዳለ እይ። ክፍተት ያለበት ቦታ ላይ ገመድ ይወጠርልህ። ከዚያ ካፒቴኑን አንድ ነገር ለምነው፦ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ወጣ ብላችሁ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ፣ አንተ እግርህን አውልቀህ ሙሉ ተራህን ትሥራ። እምቢ ካለህ ምክንያቱን ጠይቀው። በእርግጠኝነት የምልህ፣ ያን ሌሊት ወደብ አጠገብ መሥራት ካልቻልክ መሐል ውቅያኖስ ላይ አትሠራውም።

መጨረሻ ላይ ደግሞ የመነሻውን ጠዋት ውሳኔ ዛሬ ወስኑ። ያን ቀን ጠዋት ስታምፕህ ላይ የተከፈተ ቁስል ካለ አትሄድም። ይህን ከካፒቴኑ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ጓደኞችህ ሸራ ሊሰቅሉ ሲሉ የሚወሰን አይደለም። ያኔ ስሜት ይይዛል፣ «ትንሽ ናት» ትላለህ። በአውሮፕላን ቀድመሃቸው ሴንት ሉቺያ ልትጠብቃቸው ትችላለህ።

ከሸዋ ሮቢት ስትነሳ የስታምፕህን ፎቶ ላክልኝ፤ ከፊት፣ ከኋላና ከጫፉ፣ እግሩን ካወለቅህ በኋላ ወዲያውኑና ከሃያ ደቂቃ በኋላ የተነሳ ይሁን። የፕላስቲኩ እግር ስንት ካልሲ እንደወሰደም ጻፍልኝ። ደሴ ላሉት ባለሙያዎች የምትሰጣቸውን ማስታወሻ ያን አይቼ እጽፍልሃለሁ።